ከጠረጴዛው ወዲህ

ሠላሳ ክረምት ነው፣ እዚሁ ስቀመጥ፣
ከመስኮቴ ማዶ፣ ባሕሩ ሲናወጥ።
ኢሳፍዮርዱር ትባላለች፣ ተራራ የከበባት፣
ታኅሣሥን ከጥር፣ ፀሐይ የማትጎበኛት።
የባንኩ ብድር ክፍል እኔ ነኝ፤ ስሜ ራግንሄይዱር፣
ሥራዬ መልስ መስጠት፣ ቁጥር በሰንጠረዥ መደርደር።

ጥያቄው አንድ ነው፣ ጠያቂው እልፍ ነው፤
አንዱ ገና ሳይቀመጥ፣ በረዶውን ከኮቱ ሳያራግፈው፣
"ቅድሚያ ክፍያው ስንት ነው?" ይላል፤
አንዱ የራሱን ጭንቅ፣ በጓደኛው ስም ይጠይቃል።

"ቋሚው ወለድ ይሻላል፣ ወይስ የሚዋዥቀው?"
— ቋሚው መልሕቅ ነው፣ ሌላው ሸራ፤ ነፋሱን እኔም አላውቀው።
"ቀድሜ ብጨርስ፣ ቅጣት አለው ወይ?"
— አለው፣ ትንሽ ነው፤ ገጽ አሥራ ሁለትን እይ።
"ብታመምስ? ሥራ ባጣ? ጀልባችን ባይመለስ?"
— መድን አለ እላለሁ፣ እንባ የማያብስ።
"ቤቱስ የማን ይባል? የኔ ነው ወይ የናንተ?"
— ካርታው እኛ ጋ ያድራል፤ ቁልፉን ያዘው አንተ።

ከመደጋገም ብዛት፣ መልሴ ቤት ይመታል፤
ቤት ግን አይሠራም፤ ያን ሌላ ሰው ይሠራል።

በመስከረም አንድ ቀን፣ ሃልግሪሙር መጣ፣
መረብ እየጠገነ ያረጀ፣ ሰው የማይቆጣ።
የብስኩት ቆርቆሮ ከፍቶ፣ ደረሰኙን ዘረገፈ፣
የዘጠኝ ዓመት ወረቀት፣ አንድ ወር ያልተገደፈ።
"ቁጠሪልኝ" አለ። "ሃያ ሚሊዮን ነበር የወሰድኩት፤
ዘጠኝ ዓመት ከፈልኩ፣ ሃያ ስድስት ሆኖ አገኘሁት።
ምን ዓይነት ጉድጓድ ነው፣ ስሞላው የሚጠልቅ?
አንቺ ታውቂ ይሆናል፤ እኔ መረብ እንጂ ቁጥር አላውቅ።"

አስረዳሁት፦ ዋናው ብድር ከዋጋ ንረት ታስሯል፣
ዳቦ ሲወደድ አብሮ፣ ዕዳህም ይወደዳል።
"ዳቦው ሲወደድ" አለ፣ "እኔ ያነሰ በላሁ፤
ዕዳው ምን በልቶ ወፈረ? እሱን ነው ያላየሁ።"
ቆርቆሮውን ከደነና፣ ቆቡን አደረገ፤
"ክሮናችሁ ወላድ፣ እኔ አራሽ" ብሎ፣ በሩን ፈለገ።

በጥቅምት ሸጠው።

በኅዳር ስቴይኑን፣ ባሏን ኦርማርን ይዛ፣
ከዓሣ ፋብሪካው መጣች፣ ቢጫውን ቤት ልትገዛ።
ሁሉንም ጠየቁኝ፤ ሁሉንም መለስኩ፤
የሃያ አምስት ዓመት ኑሮ፣ በአንድ ወረቀት ጨረስኩ።
ብዕሩን አንሥታ፣ ልትፈርም ስትል ቆመች፦
"ከኛ በፊት የነበሩት፣ ለምን ለቀቁት?" አለች።

ያ ጥያቄ ፎርሙ ላይ የለም።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።
መልሱን አውቀው ነበር፤ በጣቴ የቆጠርኩት፣
ደረሰኝ በደረሰኝ፣ ከቆርቆሮ ያነበብኩት።
"አረጁ" አልኳት።
ውሸት አይደለም።
ወረቀቱን ወደሷ ገፋሁ፤
የሚፈረምበትን መስመር፣ በጣቴ አሳየሁ።
ወርኃዊው ስለሚያንስ፣ እንደሱ ያለውን መረጡ፤
ነገርኳቸው፤ ሰሙ፤ ተያዩ፤ ፈረሙና ወጡ።

ፀሐይ በተመለሰች ሳምንት፣ ስልኬ ጮኸ፤ እሷ ናት።
"አንድ ጥያቄ" አለች፤ ሰንጠረዤን ሳብኩላት።
"በወጥ ቤቱ መቃን ላይ፣ በእርሳስ የተጫረ አለ፣
የሦስት ልጆች ስም፣ ቁመት በየዓመቱ የተሰመረ አለ።
ነጭ ልንቀባው ነበር። ውሉ ይፈቅድልናል?"
— ቀለም የባለቤት ነው፤ ውሉ ይፈቅድላችኋል።

ዝም አልን።
ወደቡ ላይ አንድ ሞተር ተነሣ፣ አስሎ ጠፋ።

"ግን መቃኑን ተዪው" አልኳት።

"ለስንት ዓመት?" አለች።
እኔም ልማድ ሆኖብኝ፣
ሰንጠረዡ ላይ ፈለግሁ።