የመመለሻ ሰዓት

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ፒካፑ ደረሰ፣
መስታወቱ አመዳይ ለብሶ፣ ሞተሩ እያነከሰ።
አርባ ዓመት ሙሉ በአንቶፋጋስታ ወደብ
ክሬን ላይ ኖሬአለሁ፣ ዕቃ ሳወርድ ከመርከብ፣
ስልሳ ሜትር ሽቅብ፣ ከወፎቹ በላይ፤
"ከፍታ ምን ብርቁ?" ብዬ ነው የመጣሁ
በጡረታዬ ገንዘብ፣ እሳተ ገሞራ ላይ።

መሪያችን ሴት ናት፤ ዶሚቲላ አርሜላ፣
ስድሳን የተሻገረች፣ የሹራቧ ክርን ተጠግኖ በሌላ
ቀለም ክር። ቦርሳዋ ውስጥ ገመድ፣ ሎሚ፣
ቅቅል ድንች፣ አንድ ጠርሙስ ወይን።
"የእኛ አይደለም" አለች፣ ዓይኔን ተከትላ።

መኪናው ከቆመበት ድንጋይ ፈንቅላ፣
የኮካ ቅጠል ሦስት ሦስቱን ነጥላ
ጉድጓድ ውስጥ አኖረች። ወይኑን ስታፈስስ
መሬቱ ጠጣና ዝም አለ፣ ሳይመልስ።
"ስሙን አትጥሩት እላዩ ላይ ሳላችሁ፤
ሽማግሌን በስሙ ትጠራላችሁ?
አያ በሉት።"

ተነሣን። እርምጃዋ የቀብር ነው፣ የለቀስተኛ፤
አንድ እግር። ትንፋሽ። ሌላው እግር። ትንፋሽ።
ፋብሪሲዮ የሚሉት የሳንቲያጎ መሐንዲስ
ሰዓቱን ያያል፤ ሰዓቱ ልቡን ይቆጥራል፣
ደሙ ውስጥ የቀረውን አየር ይቆጥራል፤
"ሰማንያ ሁለት! ሰባ ዘጠኝ!" ይለናል
ዋጋ እንደሚጠራ ነጋዴ።
"ረከስክ" አልኩት።
ለመሳቅ የሚበቃ አየር አልነበረንም።

መሬቱ አመድ ነው፤ አራጣ አበዳሪ፤
ሁለት እርምጃ ስትከፍል አንዱን ለወለድ አስቀሪ።
ፀሐይ ከጀርባው ስትወጣ የአያ ጥላ ረዘመ፣
መንደሯን አልፎ ሄዶ፣ ጨው ሜዳው ላይ ተጋደመ።

ባረፍንበት ቋጥኝ ሥር ሎሚ ቆርጣ አደለች፤
"ለሽታው ነው፤ ጨርቃችሁ ላይ እሹት" አለች።
ያን ጊዜ ነው የነገረችን፣ ፊቷን ሳታዞር፣
አባቷ እዚህ ጎን ላይ ድኝ ይቆፍር እንደነበር።
"ዓይኑ ሁልጊዜ ቀይ ነው። ልጆች ነን፣ ለምደነዋል፤
ማታ ደጃፍ ሲቀመጥ 'ጭሱ ነው' እንላለን።
አንድ ሌሊት የእውነት አለቀሰ።
አላወቅንበትም።"
ከዚያ ድንቿን ላጠች፤ በጨው አጠቀሰች።

ስድስት ሰዓት። ጠርዙ ታየ። ጭሱ እንደ ዛፍ ቆሟል።
ድንገት ነፋሱ ዞረ፣ ዛፉ በእኛ ላይ ወደቀ፣
ጉሮሮዬ ውስጥ ሺሕ ክብሪት ተጫረ።
ፋብሪሲዮ ተቀምጧል፤ ቁጥር መጥራት ተወ፣
ከንፈሩ እስክሪብቶ እንደ ላሰ ተማሪ ሰማያዊ ነው።
"በቃ" አለች ዶሚቲላ። "አያ ዛሬ እንግዳ አይቀበልም።"

"ስልሳ ሜትር!" አልኩ። "ስልሳ ሜትር ነው የቀረው!
የክሬኔ ቁመት! ስንት ሺሕ ቀን የወጣሁት!"
"ክሬንህ መሰላል ነበረው?"
"አሳንሰር ነበረው።"
"አያ የለውም" ብላ
የልጁን ቦርሳ በራሷ ቦርሳ ላይ አሰረች።

ስንወርድ አላናገርኳትም።
አራት ሰዓት የወጣነውን በአንድ ሰዓት አፈሰስነው፤
አመዱ እስከ ጉልበት፤ ቁጣዬም
ጫማዬ ውስጥ እንደ ገባ ጠጠር አብሮኝ ወረደ።
ግማሽ መንገድ ላይ የፋብሪሲዮ መልክ ተመለሰ፤
ሰዓቱን አውልቆ ኪሱ ከተተ።

መኪናው ጋ የትምህርት ቤት ደብተር አወጣች፤
በእርሳስ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ኤሊሴኦ ኬዛዳ ብላ ጻፈች፣
ከስሜ ጎን ቀኑን፣ ከቀኑ ጎን "ተመለሰ"።
ወደ ኋላ ገለጥኩት፤
ሙሉ ገጽ ስም፣ ሙሉ ገጽ "ተመለሰ"፣ "ተመለሰች"፤
ጫፍ ማን እንደ ደረሰ የሚል አንድ ቃል የለም።
አንድ መስመር ላይ ግን፣ ከስም ከቀን ቀጥሎ፣
ቦታው ባዶ ነው፤ እርሳሱ ነጥብ ብቻ ጥሎ።

ቀና ብዬ አየኋት።
ዓይኗ ቀልቷል።
ጭሱ ነው፣ አልኩ በሆዴ፤
ደብተሩን ዘግቼ በሁለት እጄ ሰጠኋት።