ማዞር

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፤ ስድስት አልጋ ባንድ ቤት፤
የላይኛው የእኔ ነው፣ ጣራው እጅ የሚደርስበት።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ላይ፣ በግራ ጎኔ ስዞር፣
ጣራው ከእኔ ቀጥሎ እሱም ጀመረ መዞር።
አልጋው እንደ ጀልባ ዘመመ፣ ተናጠ፤
የጨበጥኩት ብረት ከእጄ ሙልጭ አለ፣ ቀለጠ።
አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ ሁሉም ቆመ፤
ሆዴ ብቻ ቀረ፣ እንደ ተላወሰ፣ እንደ ታመመ።

ሲነጋ ቤቱ ሁሉ ሐኪም።

"ደም ማነስ ነው" አለች ዘሃራ፣ ዓይኔን ገልብጣ አይታ፤
"ሙቀት ነው፣ ውሃ ጥም!" ብላ ጀሚላ ተነሥታ
ጨውና ስኳር በጥብጣ ጆግ ሙሉ አስጠጣችኝ፤
"ግፊትሽ ወርዶ ነው፣ ቀስ ብለሽ ተነሽ" ሐዋ መከረችኝ፤
ስንዱ ቃል አልወጣትም፤ ሆዴን ሰርቃ አየችኝ።
የመተኮሻው አለቃ "ስንፍና ነው" ብሎ ዘጋው፤
የዚህ በሽታ መድኃኒት የአንድ ቀን ደሞዝ ነው ዋጋው።

ትብለጥ ብቻ ዝም።
በኤሲው ተጣልተን ስምንት ወር ሆነን ሳንነጋገር፣
እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ፣ እሷ ጀርባዬን ስትቆጥር።

ሱዳናዊው ሐኪም ግን አንድ ነገር ጠየቀኝ፦
"ስትቆሚ ነው? ስትገለበጪ?"
"ስገለበጥ" አልኩኝ።
"ወደ የት?"
"ወደ ግራ።"
ራሱን ነቀነቀ፤ አመነኝ።

አስተኝቶ አንገቴን ያዘ፤ አዞረው፣ አቆየው፤
ዓይኔ ሲርገበገብ ሰዓት ይዞ አየው።
ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ደግሞ በጎኔ፤
"አትወድቂም፣ ይዤሻለሁ፤ ቁጠሪ ከእኔ።"
"በጆሮሽ ውስጥ" አለ፣ "ከአሸዋ የደቀቀ
ጠጠር አለ፣ ከማደሪያው ሾልኮ የወደቀ።"

ይህ ሁሉ ፎቅ በአሸዋ ላይ ቆሞ ሳይንገዳገድ፣
እኔን አንዲት ቅንጣት ትንሣኝ መሄጃ መንገድ?
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር፤
ጠጠር እንደሚያሳድር ግን የነገረኝ አልነበር።

ኪኒን አልሰጠኝም።
"ለጥቂት ቀን ብቻ በግራ ጎንሽ አትተኚ።"

ግራዬ ግድግዳ ነው።
ቀኜ ትብለጥ።

ያን ሌሊት ወደ ቀኝ ተኛሁ፤ ዓይኗን ገልጣ አገኘኋት።
ጣራው አልዞረም።
"ተሻለሽ?" አለችኝ።
"ይበርድሻል?" አልኳት።
"ለምጄዋለሁ።"
ሪሞቱን ከትራሴ ሥር አወጣሁ፤ ላቀብላት
ክፍተቱ ሁለት ክንድ ነው፤ ቁልቁል ሳላይ ዘረጋሁላት።