ሁለት ዓምድ

ማስታወሻ ደብተሬን በመስመር ከፈልኩት፤
የውሃ ተርቧን በግራ፣ እንቁራሪቷን በቀኝ ጻፍኩት።
መምህሬ ያዘዙኝ ይኸው ነበር፦ «አነጻጽር።
ማን ይበልጣል አትበል፤ ማን እንደሚኖር ቁጠር።»

ገና ሳይነጋ ነው ቦዬ ጨፌ የደረስኩት፤
ጅማን ከኋላዬ፣ ጭጋግ እንደለበሰች ተውኳት።
ቦቲዬ ጭቃ ጠጣ፤
አንደኛው እግሬ ገብቶ ሌላው ያለ ጫማ ወጣ።

ተርቧ፦
አራት ክንፍ አላት፣ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፤
ጭራዋ የክብሪት ራስ፣ ጠፋ ሲሉት የሚነሳ፤
ዓይኗ ራሷን ሞልቶ ግንባሯን ቦታ ነሳ።
አንድም ቃል የላትም።
ከሳር ጫፍ ሳር ጫፍ ነች፤ እስክጽፋት አትጠብቅም።

እንቁራሪቷ፦
ጭብጤን አትሞላም፤ ጉሮሮዋ ግን ሲነፋ
ከሰፈሩ ጀነሬተር ይልቅ ድምፅዋ ሰፋ።
ቄጠማ ውስጥ ተቀብራ፣ ቅጠል መስላ ባላያት፣
ጆሮዬ ነው የጻፋት።

ገጹን በልዩነት ሞልቼ ሳበቃ፣
ወንፊቴን ብሰድ ጊዜ ወደ ታች፣ ወደ ጭቃ፣
የተርቧ ልጅ ክንፍ የላት፤ ደለል ለብሳ ታደባለች፤
አገጯን እንደ ክንድ ዘርግታ የእንቁራሪቷን ልጅ ትበላለች።
ያቺው ተርብ አድጋ ስትወጣ፣ ክንፏ ገና ሳይደርቅ፣
የእንቁራሪት ምላስ ይመጣል፣ እንደ መብረቅ።
ሥር የተበላ ልጅ ላይ ይከፈላል በክንፍ፤
ሽማግሌ የለ፣ ጉማ የለ፤
ጨፌው ብቻ ዳኛ ሆኖ ሁለቱንም ሲያቅፍ።

ጡብ ሠሪው ናስሮ መጣ፣ ጭቃ እስከ ክርኑ።
«ቆጠርክ? ማን ረታ ታዲያ?» አለኝ፤ ሳቀ ዓይኑ።
«ማንም» ልል ነበር፤ ግን ከጀርባው ሳይ
አምና የማሰው ጉድጓድ ሞልቷል በውሃና በሰማይ፤
ተርቧ ጭራዋን እየነከረች እንቁላል ትጥላለች፣
እንቁራሪቷ ከዳር ሆና ታያታለች።

አጠገቡ ደግሞ ዘንድሮ ተጠንፍፎ የደረቀው፤
አፈር ብቻ፣ የጡብ ስባሪ ብቻ ነው።
እዚያ ልዩነት የለም፤
ዜሮ በግራም፣
ዜሮ በቀኝም።

ናስሮም አየው። ዝም አለ። እጁን በሱሪው ጠራርጎ፣
ከጡቡ ክምር ላይ ተቀመጠ፣ አንገቱን ወዲያ አድርጎ።
«ልጆቼን ያሳደገ ይሄ ጭቃ ነው» አለ ናስሮ፤
«ግን ሌሊት ካልጮኸችልኝ፣ እንቅልፌ ይሄዳል በሮ።»

ጻፍኩት እሱንም፣
ከሁለቱ ዓምድ መሃል፣ ቦታ ባይኖረውም።