ባለ አስር መፍቻ

ቫጋር ላይ ዝናቡ በጎን ነው አመጣጡ፤
የሃንጋሩን በር አልፎ ዘልቋል እስከ ውስጡ።
ሱንቫ ከጭራው ሥር፣ ባትሪዋን ነክሳ፣
ብሎን ስታጠብቅ፣ ሽቦ ስትጠመዝዝ፣
ስልኳ አሥራ አንዴ ጮኸ፤ መች እጅ አላት ልታነሳ!

«ፉግሎይ ዳቦ አልቋል፤ አንዲት ነፍሰ ጡርም
ቀኗ ገፍቷል» ይላል ትሮንዱር፣ አብራሪው፤
አይቀመጥም፣ አይቆምም።
«ጨርሻለሁ» አለች። ሣጥኗን ከፈተች፣
እንደ ልማዷ ቆጠረች።
እያንዳንዱ ብረት በልኩ የተቀረጸ መኝታ አለው፤
አንዱ መኝታ ባዶ ነው።

«ባለ አስሯ የለችም።»
«ለአንድ መፍቻ?» ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።
መፍቻ የጠፋለት ነገር አይበርም።
ያሰረችውን ሁሉ ፈታች፤
ክንዷን እስከ ብብቷ ሞተሩ ሆድ ውስጥ ከተተች።
ሻይዋ ቀዝቅዞ ፊቱ ላይ ዘይት ቀለበት ሠራ።

አንድ ሰዓት ተኩል።
ትሮንዱር መሐረብ ሊያወጣ
እጁን ኪሱ ቢሰድ፣ ቀዝቃዛ ብረት ወጣ፤
ጠዋት ወንበሩን አጥብቆባት፣
እዚያው ረስቷት።

ሱንቫ ቃል አልወጣትም። ተቀብላ አስተኛቻት።
የፈታችውን መልሳ አሰረች፤
ፈረመች፣ ሰዓቱን ጻፈች።

ሲነሱ ቀና አላለችም፤ በጆሮዋ ብቻ ሸኘች፣
ድምፁ ባሕሩ ላይ እስኪሳሳ።
ሌላዋ እየተገፋች ገባች፣
ውሃ እያንጠባጠበች።