ቀዳሁልህ

ሌሊቱን ዘንቦ ዘንቦ ንጋት ላይ አባራ፤
ካፖርቴን ቆልፌ ከአውቶቡሱ ወረድኩ፣
ከድልድዩ ጋራ።
እጄ ሳላዘው የሻርፔን ጫፍ ይዞ
ወደ አፍንጫዬ ወጣ።
ዛሬ ምንም አይሸትም፤ እጄ ግን አልሰማም፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ድልድይ ላይ
አፍንጫ ሳይዝ አልፎ አያውቅም።

ያኔ ለሌሊት ፈረቃ ስንገባ
ውሃው እንደ ተቃጠለ ጎማ፣ እንደ ገማ እንቁላል፣
አንዳንዴም ነፋሱ ሲዞር እንደ ከረሜላ ይሸታል፤
የሚያስፈራኝ ከረሜላው ነበር።
ቀለሙ በየቀኑ ሌላ።
አለቃችን ፕሮስፔር ከበሩ ቆሞ
«ሙሽራዋ ዛሬ ምን ለበሰች?» ይለን ነበር፣
እየሳቀ፣ እያሳለ።

አሁን እንጨት አንጥፈውበታል።
ደለሉን በማሽን ዝቀው ወሰዱት፤
የት እንደደፉት አልጠየቅኩም።
ሸምበቆ ተከሉ፣ አግዳሚ ወንበር አኖሩ፣
«መዋኘት ክልክል ነው» ብለው ሰሌዳ አቆሙ፤
ዳክዬዎቹ ማንበብ አይችሉም፣
እየዋኙ ከሥሩ ያልፋሉ።

የኛ ክረምት ሐምሌ ነበር፣ የዚህ አገር ጥር፤
ሠላሳ ዓመት አለፈኝ፣ ጉልበቴ ግን ዛሬም
ወሩን ይሳሳታል።
ቀርሜሎስ ጉም ተከናንቦ
ከወገቡ በላይ የለም።
ሰውም የለም፤ ጋሪ የምትገፋ አንዲት እናት፣
የልጇ ፊት ከላስቲክ ጀርባ፣
ደግሞ ሴምዮን፣ በተጣጣፊ ወንበሩ ላይ፣
ቆቡ ቅንድቡ ላይ፣ ባልዲው ባዶ።

እሱም እኔም ዕብራይስጡን በየፊናችን ሰብረነዋል፤
ስብርባሪውን ገጣጥመን እናወራለን።
«ያዝክ?»
«አንድ።»
«የታለ?»
«መለስኩት።»
«ምነው?»
ውሃውን አየት አደረገ።
«ትንሽ ነበር። ደግሞም… ገና አላምነውም።»

አባቴ፣ አንተ ግን አምነኸው ነበር።
አንተ ጎንደር ላይ ተራህን ስትጠብቅ፣
እኔ እዚህ ቱቦ ሳጥብ፣
በካሴት ነበር የምንጠያየቀው።
«ቂሶን አጠገብ ነው የምሠራው» አልኩህ በአንዱ፤
ሽታውን አልነገርኩህም።
መልስህ በሰው እጅ መጣ፣
ማሽኑ እንዳይሳነው ድምፅህን ከፍ አድርገህ፦
«ያ የብረት ሠረገላ ጠርጎ የወሰደው? ራሱ ቂሶን?
ልጄ፣ ውሃው ምን ይላል?
እባክህ ቅዳልኝ።»

ቴፑን ይዤ ወረድኩ፣ በዕረፍት ሰዓቴ።
የእንፋሎት ፉጨት፣ የሞተር ጩኸት፤
ውሃው ራሱ እንደ ዘይት ተኝቷል፣ ቃል የለው።
ምን ልላክልህ?
ቤቴ ገባሁ፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር ዘጋሁ፣
ቧንቧውን ከፈትኩ፤ ጨመር፣ ቀነስ፣
ጣቶቼን ከሥሩ አድርጌ፣ ድንጋይ ላይ የሚወርድ እንዲመስል።
ሚስቴ በሩን ስታንኳኳ እንኳ አልመለስኩም።
ሃያ ደቂቃ ሙሉ የቧንቧ ውሃ
ቂሶን ነው ብዬ ቀዳሁልህ።

ጎረቤት ጠርተህ አሰማሃቸው አሉ።
«ይሄ ወንዝ ችኩል ነው፣
ዛሬም ሠረገላ እያሳደደ ነው» አልክ አሉ።
ተራህ ሳይደርስ አንተ ደረስክ።
ካሴቱን ማን እንደወሰደው አላውቅም፤
ምናልባት ዘፈን ቀዱበት።

ይኸው ዛሬ ውሃው ጠራ።
ውሸቴ እያነከሰ፣ እየዘገየ
እውነት ሆኖ ደረሰ፤
የሚቀበለው ሰው ከበር ጠፋ እንጂ።

ስልኬን አወጣሁ፣ ቀዩዋን ነጥብ ነካሁ፣
ከመደገፊያው ብረት ላይ አጎነበስኩ።
ወንዙ ግን ዝም።
በክረምት ዝናብ ሞልቶ፣ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፣ ዝም።
ሸምበቆው ሽው አለ፣
ከወደቡ በኩል አንድ ብረት ከአንድ ብረት ተጋጨ፣
ከዚያ ደግሞ ምንም።

«ምን ትቀዳለህ?» አለኝ ሴምዮን፣ «ምንም የለም እኮ።»
«ለአባቴ ነው።»
ስንት ዓመቱ ነው አላለኝም። የት ነው አላለኝም።
የመቃጥኑን መዘውር በመዳፉ ያዘ፣
እንዳይንጫጫ።
ሳሉን ዋጠ።

እንዲህ ሆነን፣ ሁለት ሽማግሌ፣
አንዱ አጎንብሶ፣ አንዱ ትንፋሹን ይዞ፤
ወንዙም ዝም እንዳለ
ተቀዳ።