የመጨረሻዋ ፉጨት

ከኮዬ ፈጬ ወዲያ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ሊፍት ያልገባለት ሕንፃ አለ፣ የኛ ነው በቃ።
አራተኛ ፎቅ ነኝ። ኔትወርክ የሚገኘው በመስኮት፣
አንገቴን አስግጌ፣ እሱም በምሽት።

ሥራህ ምንድነው ሲሉኝ "መልእክት ማድረስ" እላለሁ፤
ከባንክ ወደ ስልክ የሚሄደውን ቃል እጠብቃለሁ።
ላክሁ ማለት ሌላ፣ ደረሰ ማለት ሌላ፣
በሁለቱ መሐል ነው እንጀራዬን የምበላ።

ባለፈው ትርንጎ ዕቁቧን ሦስት ሺህ ላከች፣
"ደርሷል" የሚል ቃል ሩብ ሰዓት ጠበቀች፣
ዝም ቢላት ደግማ ያንኑ ቁልፍ ነካች።
ሁለቱም ደረሱ።
ዳኛው መለሰላት፣ ግን ስንት ቀን ቆይቶ፣
ስንቱ ጎረቤት ፊት ነገር ተጎትቶ።
ጥፋቱ የሷ አይደለም፣ የኔ ነው ብዬ አደርኩ፤
ለያንዳንዱ መልእክት ቁጥር መስጠት ጀመርኩ፣
ያው ቁጥር ሲደገም "አውቅሃለሁ" ብሎ
አንዱን እንዲያስቀር፣ ሌላውን ተቀብሎ።

ከታች ጉተማ አለ፣ የቱቦው ግቢ ዘበኛ፤
ከወንዙ ማዶ ሌንጂሳ፣ የጠጠር ክምር እረኛ።
በየሰዓቱ ጉተማ አንዴ ያፏጫል፣
ሌንጂሳ ይሰማና አንዴ ይመልሳል።
"አለህ ወይ" ማለት ናት፣ "አለሁ" ማለት ናት፣
ከዚህ ሌላ ፊደል፣ ሰዋስው የላት።

ሥራዬን ባስረዳው ጉተማ ሳቀብኝ፦
"ለዚህ ነው ኮሌጅ የገባኸው? የኔን ሥራ ወሰድክብኝ!
ግን 'እሺ'ን አትመን፤ እሺ ጆሮ ናት እንጂ እጅ አይደለችም፣
ሰምቷል ታሰኛለች፣ ሠርቷል አታሰኝም።
ጥገና ክፍል ስንቴ 'እሺ' አለኝ ለዚህ አምፖል!"
አምፖሉ ከበላያችን ጠቁሮ ተንጠልጥሏል።

ኅዳር ነበር፣ ሐሙስ። ከየረር ነፋስ ወርዶ
የአጥሩን ቆርቆሮ ይደበድባል፣ ልክ እንደ ሰው አብዶ።
ስምንት ሰዓት ሆነ። ጉተማ አፏጨ።
ዝም።
ጥቂት ቆየና ደገመ።
ዝም።
ከበፊቱ ይበልጥ ቆየና ሠለሰ።
(ወዲያው ወዲያው ቢያፏጭ የራሱ ድምፅ መልሱን ይደፍነዋል፤
እሱን ማን አስተማረው? እኔን ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።)
ከዚያ ባትሪውን አብርቶ፣ ዱላውን ይዞ ወረደ፣
ብርሃኑ ወንዙ ጋ ጠፋ፣ ማዶ ብቅ አለ፣ ሄደ።
እኔ መስኮቱ ላይ፣ ስልኬን ጨብጬ፣
ለማን እንደምደውል እንኳ ሳላውቅ።

ጠዋት ነገረኝ። ሌንጂሳ ደህና ነው፣ ቁጭ ብሏል በእሳት ዳር፣
እንዲያውም ተቆጥቶ፣ ዱላ ቀረሽ ነገር፦
"ሦስቴ ጠራኸኝ፣ ሦስቴ መለስኩልህ፣ ምን ዓይነት ሰው ነህ?"
ሰውየው አልጠፋም።
ነፋስ የበላው መልሱን ነው።

ተስማሙ፦ ከእንግዲህ መልስ የሰማ፣ ሌላ ፉጨት ይጨምር።
"ያቺስ መድረሷን በምን ታውቃለህ?" ብለው ጺሙን ያሻሽ ጀመር፦
"ለሷ ሌላ፣ ለዚያችም ሌላ፣ ከንፈራችን እስኪሰነጠቅ፤
አንዷ ግን፣ የመጨረሻዋ፣ ትቀራለች መድረሷ ሳይታወቅ።"
ይህን ብሎ ቆሎውን ዘገነ። እኔ ወደ ሥራ ሄድኩ።

ዛሬም ነፋስ ነው። መብራት የለም። ጉተማ አንዴ አፏጨ።
ከማዶ መልስ መጣ፣ ቀጭን፤ ፎቅ ላይ ስለሆንኩ ሰማሁት።
እሱ መስማቱን እንጃ። መስኮቱን ከፍቼ የስልኬን ባትሪ
አንዴ ብልጭ አደረግኩ፣ አጠፋሁት።
ቀና ብሎ ይሆናል። ጨለማ ነው፣ አላየሁም።
ሁለተኛ ግን አላፏጨም።
ተኛሁ።