ማጅራት

ጉም ከጣርማበር ወርዶ መስታወቴን አለበሰው፤
ባንትይርጉ ተቀመጠ፣ ኮሌታውን ግን ጨበጠው።
«ምላጩን ቀስ!» «ምነው?» «ምንም።» ገለጥ ሳደርገው አየሁ፤
ሃያ ዓመት የላጨሁት ማጅራት ነው፣ እንግዳውን ወዲያው ለየሁ።

በቀጭን አንጓ የተንጠለጠለች፣ ከምስር ፍሬ ያነሰች፣
ኮሌታ ሲያሽ የወለዳት ቅንጣቢ ቆዳ አለች።
ወረድ ብሎ ትከሻው ላይ፣ በጣቴ ገፋ ሳደርጋት
ሸሸት የምትል ድብልብል፣ ለስላሳ፣ ሕመም የሌላት።
«እሷ ናት» አለኝ፣ «ኑዛዜ ያስጻፈችኝ፤
በሬውን ለልጄ...» ሳቄ መጥቶ ነበር፣ ዐይኑ መለሰብኝ።

እኔ የምላጭ እንጂ የመርፌ ሰው አይደለሁ፤
ሱቄን ዘግቼ ደብረ ሲና ጤና ጣቢያ አብሬው ሄድሁ።

ሲስተር ትደነቂያለሽ ጎንበስ ብላ ዳሰሰችው።

«በድንገት አደገች? ደማች? ቀለሟስ ተለወጠ?»
«ኧረ የለም!» «እንግዲያ ስብ ናት፤ ልብህ ለምን ደነገጠ?
ያቺን ቅንጣቢ ግን በፈረስ ጭራ እንዳታስራት፤
ካስጠላችህ እኔ አለሁ፣ ካላስጠላችህ ተዋት።»

ቅዳሜ ተመለሰ፤ ኮሌታው ተከፍቶ፣ አንገቱ ቀና ብሎ።
«ኑዛዜውስ?» «ዝም በል፤ ልጄ በሬው ላይ ዐይኑን ጥሎ...»

ማታ ምላጬን ስጠርግ አውራ ጣቴን አየሁት፤
በልጅነቴ፣ ኮከብ ስቆጥር ያበቀልሁት
ኪንታሮት ዛሬም አለ።
ስንተኛው ላይ እንደቆምሁ ነው የጠፋኝ።